አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ

ኤፕሪል 9፣ ማክሰኞ

ከባሕር በኩል የሚነፍሰው ነፋስ አላቆመም። መስኮት ከፍቶ ማስተማር አይቻልም፤ ዘግቶ ማስተማርም አይቻልም። የዛሬው ክፍለ ጊዜ ስለ «የወፍጮው ውርስ» ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ልቦለድ ነው። መጽሐፉን ያነበበ እጁን ያውጣ አልኩ። ሁሉም አወጡ። ኋላ የተቀመጠውን፣ ፀጉሩን እንደ ኳስ ተጫዋች ያስላጨውን ልጅ፣ የሽፋኑ ቀለም ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ነጭ» አለ።

ነጭ የፎቶ ኮፒው ቀለም ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የእኔን የትምህርት ማስታወሻ እያባዛ ይሸጣል። ልጆቹ እሱን ይገዛሉ፣ እሱን ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ እሱኑ መልሰው ለእኔው ይጽፉልኛል። የተናገርኩትን መልሰው ያጎርሱኛል። እኔም አርማለሁ።

ሁለት ጊዜ ያልተነበበ መጽሐፍ አልተነበበም አልኳቸው። አባባሏን ሁሉም ጻፏት። ነገ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ትደርሳለች።

ኤፕሪል 12፣ ዓርብ

አንዲት ተማሪ አለችኝ። ዊዳድ አስሪሕ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። ጉዳዩ ሰዎች ወደ አንድ መጽሐፍ ለምን ደጋግመው ይመለሳሉ የሚል ነው። ሌሎቹ ከኢንተርኔት ቆርጠው ሲለጥፉ፣ ይህቺ ሰው ቤት እየሄደች ጠይቃለች። አንድ ጡረተኛ ፋርማሲስት በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚያነበው የባሕር ጉዞ መጽሐፍ አለው፤ ባሕር ወጥቶ አያውቅም። እናቷ ደግሞ የምታውቀውን የአሳ አሠራር ከምግብ መጽሐፍ ላይ እንደገና ታነባለች፤ ለምን ሲሏት «ልክ መሆኔን የሚነግረኝ ሌላ ማን አለ?» አለች። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ ራሷም ጽፋለች። «የወፍጮው ውርስ»ን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስታነብ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ሐዱን ወድዳ ነበር። በሃያ ሦስቷ ስትመለስ ሐዱን ረስታ እናትየዋን አገኘች፤ እናትየዋ በመጽሐፉ ሁሉ ስም እንደሌላት ያን ጊዜ አየች። «መጽሐፉ አልተቀየረም፤ እኔ ግን ያኔ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሳላይ አልፌ እንደመጣሁ ገባኝ» ትላለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ አሰመርኩበት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የጻፈልኝ የለም።

ከዚያ ስድሳኛው ገጽ ላይ፦ «ልቦለዱ በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ በወፍጮው ዝምታ ያልቃል። ለአንባቢ የሚተወው ምንም ተስፋ የለም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቀዩን አነሳሁና ጻፍኩ፦ መጽሐፉን አልጨረስሽውም።

እሷም እንደ ሌሎቹ ናት ማለት ነው። ማታ እራት አልበላሁም። ባለቤቴ ሻማ ምን ሆንክ አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት፤ የምታስበው ጨጓራዬን ነው።

ኤፕሪል 15፣ ሰኞ

መጣች። በሩን አንኳኩታ፣ እስክፈቅድላት ሳትቀመጥ። ሥርዓት አላት፤ ይህ ነው ያናደደኝ። ቀዩን ጽሑፍ አየችና መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው አለችኝ። ያንቺ ቅጂ አልኳት። አዲሱ እትም ካዛብላንካ የታተመ ነው፤ አሳታሚ የሚባሉት ወረቀት ለመቆጠብ የእናታቸውን ስም የሚቆርጡ ናቸው አልኳት።

«ኡስታዝ፣ ቤተ መጻሕፍት ያለውንም አየሁት። አሥራ ሁለት ነው።»

«ከወፍጮው ዝምታ በኋላ ምን አለ?»

«ከዚያ በኋላማ የጀርባው ሽፋን ነው።»

አልሳቀችም። ቀልድም አልነበረም። እኔ ግን ቀልድ አድርጌ ወሰድኩትና ተቆጣሁ። በአሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ሐዱ ከመንገድ እንደሚመለስ፣ ወንዙ ከላይ ወደ ስፔኖቹ እርሻ ተጠልፎ ወፍጮው ከቆመ በኋላ ድንጋዩን በትከሻው እንደሚያዞር፣ መንደሩ ድምፁን ሰምቶ ውኃ ተመለሰ ብሎ ገብሱን ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ ውኃ አለመኖሩን ሲያይ ትከሻውን እንደሚያበድር ነገርኳት። በቃሌ።

አዳመጠችኝ። ስጨርስ በጣም ቆንጆ ነው አለች። ቀጥላ፣ ይህን እንደማላገኘው እያወቅሁ አግኝቼዋለሁ ብዬ ልጻፍ ወይ አለችኝ።

ጨርሰሽ አንብቢና ነይ አልኳት። እስከዚያ አልፈርምም።

ካልፈረምኩ ገምጋሚዎች ፊት አትቀርብም። እስከ ጁን መጨረሻ መመረቋን ካላሳወቀች ስፔን፣ ግራናዳ የተሰጣት የዶክትሬት ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ያነሳችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ያም ቢሆን። አንብቦ ሳይጨርስ ስለ ዳግም ንባብ የሚጽፍ ሰው ግራናዳ ሄዶ ምን ይሠራል?

ኤፕሪል 16

ክፍል፣ ስብሰባ፣ ክፍል። ቸኩያለሁ። አሳታሚው ስልክ አያነሳም። ሌቦች።

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

ሻማ እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ይህን መጽሐፍ እንዴት እንደማውቀው ለማንም ጽፌ አላውቅም። ይኸው።

ዳቦ ተወደደ ተብሎ በተወጣው የጃንዋሪ ሰልፍ ሲይዙኝ ሃያ ዓመቴ ነበር። እስር ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ክልክል ነው። ወረቀት ክልክል ነው። ክፍላችን ውስጥ ስምንት ነበርን፤ ከእኔ አጠገብ የሚተኛው ዓያድ የሚባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፣ የላራሽ ከተማ ሰው፣ ቀጭን፣ ሳል ያለበት። ዓያድ ውጭ ሳለ ያነበባቸውን መጻሕፍት በቃሉ ይነግረን ነበር። አንድ ምሽት አንድ ምዕራፍ። ዘበኛው በኮሪደሩ አልፎ በሩ ሲዘጋ፣ ዓያድ ጉሮሮውን ይጠርግና ይጀምራል። ሰዎቹ ሲናገሩ ድምፁን ይቀይራል፤ ፈረስ ካለ ፈረሱን ይሆናል። ምዕራፉ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚለው፦ «ቀሪው ለነገ። ነገ እንዳትቀሩ።»

በሰንሰለት በታሰረ በር ውስጥ ወዴት እንቀራለን? ሁሌም እንስቅ ነበር።

«የወፍጮው ውርስ»ን የነገረን በዚያ ጸደይ ነው። እናቴ ያረፈችው በዚያው ጸደይ ነው። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች ወዲያ ነው፤ የነገረኝም ሾርባ የሚያድለው ሰው ነው፣ ጭልፋውን እንደያዘ። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምውለው። ይህ ግን ከመጽሐፉ ጋር አይገናኝም።

ማለት የፈለግሁት፣ ይህን መጽሐፍ እንደ እኔ የሚያውቀው ሰው የለም ነው። በዓይን የተነበበ ይረሳል። ይህ በጆሮዬ ገብቶ የተቀመጠ ነው። ዓያድ ከዚያው ከእስር ቤት አልወጣም፤ ሳንባው በቀጣዩ ክረምት ጨረሰው። ስፈታ ላራሽ ሄጄ እህቱን አገኘኋት። የራሱን ቅጂ ሰጠችኝ፣ ትምህርት ቤት ለልጆች መጽሐፍ እንደምንሸፍነው በሰማያዊ ወረቀት የተሸፈነ። መደርደሪያዬ ላይ አለ። አንድም ቀን አልገለጥኩትም። ምን አስገለጠኝ? ሰው የእናቱን ስም ለማስታወስ መዝገብ አያይም።

ኤፕሪል 23፣ ማክሰኞ

በመምህራን ክፍል በር ላይ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ረድዋን ለሌላው መምህር ስለ እኔ ሲያወራ ሰማሁት። «ሲ ምፈደል ዕድሜውን ሙሉ አንባቢ ሲፈልግ ኖረ፤ አንዲት ቢያገኝ ጣላት» ይላል። ገባሁ። ሁለቱም ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመሩ።

ረድዋን ከተሾመ ወዲህ የገለጠው መጽሐፍ ቢኖር የስልክ ማውጫ ነው። ይህን ልነግረው ነበር። የስልክ ማውጫም አሁን የለም።

ኤፕሪል 30፣ ማክሰኞ

ታንጀር ሄጄ መጣሁ። የመጀመሪያውን እትም ፍለጋ። የድሮ መጽሐፍ የሚሸጠው ሽማግሌ እያሳለ ሦስት ክፍል ገለባበጠልኝ፤ አልተገኘም። በምትኩ ከመሞትህ በፊት ልታነባቸው የሚገቡ መቶ መጻሕፍት የሚል ወፍራም ነገር አወጣልኝ። ሰው የሞቱን ቀን ሊያውቅ ነው እንዴ፣ መቶ ቆጥሮ የሚጨርስ? አንዱን መቶ ጊዜ ያነበበስ ምን ሊባል ነው? እዚያው ቆሜ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሰውዬው ሻይ ጋበዘኝ። ያዘነልኝ መሰለኝ።

ስመለስ ሻማ ጫማዬን እያየች «ታንጀር ድረስ የሄድከው ለየትኛው መጽሐፍ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«እሱማ እቤት አለ አይደል እንዴ? ሰማያዊው። አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ።»

ከቁም ሣጥኑ በላይ ነው፣ ለማውረድ አይመችም አልኳት። ወንበር ላምጣልህ አለችኝ። ተዪው አልኳት። ተወችው፤ ሻማ አንድን ነገር ስትተው ግን ድምፅ አለው።

ሜይ 3፣ ዓርብ

ማስረጃ አገኘሁ። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ከሣጥን አወጣሁ። «የልቦለዱን ፍጻሜ ተንትን» የሚለው ጥያቄ ሥር ሁሉም ስለ አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ጽፈዋል። ሁሉም! ትከሻው፣ ገብሱ፣ የመንደሩ ሰው። አንዷ «ይህን ምዕራፍ ሳነብ አለቀስኩ» ትላለች። ለእሷ ሙሉውን ነጥብ ሰጥቻት ነበር።

ይህን ሁሉ ተማሪ ውሸታም ልበለው? ዊዳድ ብቻ ናት እውነተኛዋ?

ይህን ጽፌ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

አለቀስኩ ያለችው ልጅ ያነበበችው ምኑን ነው?

ሜይ 4

ራስ ምታት። ወረቀቶቹን መልሼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ።

ሜይ 9፣ ሐሙስ

ረመዳን ገባ። ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ይነካከሳል፤ እኔ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሬ ነው። ዊዳድ መጣች፤ መጽሐፉን ይዛ። አልተከራከረችኝም። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ወደ እኔ አዙራ አስቀመጠችው።

መነጽሬን እቤት ረስቻለሁ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ለጥናቷ ሁሉንም ሰው የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ እንዳለ፣ እኔን ብቻ እንዳልጠየቀችኝ ነገረችኝ።

«ኡስታዝ፣ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበቡት መቼ ነው?»

«ሰዓትሽ አልቋል።»

«እሺ። ለሁለተኛ ጊዜስ?»

በሩን አሳየኋት። ስትወጣ በቀስታ ዘጋችው። ከወጣች በኋላ መነጽሩን ከግንባሬ ላይ አወረድኩ።

እነዚህ ልጆች ድፍረታቸው! እኛ መምህር ፊት ቀና ብለን አናይም ነበር። የዘመኑ ልጅ አያነብም፤ ያነበበ ዕለት ደግሞ ሊፈትንህ ይነሳል።

ሜይ 12

ረድዋን ደወለ። የዚህ ወር ማብቂያ የማስፈረሚያ ቀን ነው ይላል። «ልጅቷን ከቀበርካት በኋላ ፋቲሓ እኛ እንድንጸልይላት ትጠብቃለህ?» ስልኩን ዘጋሁበት። ጾም ላይ ሰው አይሳደብም።

ሜይ 16፣ ሐሙስ

ወንበሩን ራሴ አመጣሁ። አወረድኩት። ከፈትኩት።

አሥራ ሁለት።

ሜይ 17፣ ዓርብ

የማፍጠሪያውን ሾርባ፣ ሐሪራውን ጠጥቼ ክፍሌን ዘጋሁ። ሌላ ሰው ቢያየኝ የሞተ ሰው የምሰድብ ነው የምመስለው፤ እየሰደብኩት ነው።

ዋሸኸኝ፣ ዓያድ። የራስህ ቅጂ ነው፤ የራስህ ጣት ያረጀው ወረቀት። ሐዱ በሩን ይቆልፋል፣ ቁልፉን ድንጋይ ሥር ያስቀምጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። «ወፍጮው ዝም አለ።» ከዚያ አንድ ባዶ ገጽ። ከዚያ ልጅቷ እንዳለችው የጀርባው ሽፋን። ሃያ ሁለት ዓመት የሌለ ነገር ሳስተምር አኖርከኝ። በየመድረኩ የጮህኩት፣ የልቦለዱ ኃይል ያለው በፍጻሜው ነው እያልኩ በመጽሔት ላይ የጻፍኩት፣ አንድ ሰው እንኳ የለም ብሎ ሳይጽፍብኝ! አንድም ሰው አላነበበም ማለት ነው፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ አላነበበም፣ ረድዋን አላነበበም፣ ተማሪው አላነበበም። ይህች አገር የምታነበው ማን ያነበበላትን ነው? አንዲት ልጅ አነበበች፤ እሷን አልጨረስሽም አልኳት።

እኔስ? በእኔ ጉዳይ አሁን አልገባም።

ዓያድ የረሳ አይደለም። ዓያድ የሚረሳ ሰው አልነበረም፤ የአንድ ባለ ሱቅ ካፖርት ስንት ቁልፍ እንደነበረው የሚያስታውስ ሰው ነው። አውቆ ነው የፈጠረው። ለምን? ሌላውን መጽሐፍ ሁሉ እንዳለ ነገረን። ከተፈታሁ በኋላ ሌሎቹን አንብቤያቸዋለሁ፤ ልክ ነበሩ። የሚያሳዝኑት አሳዛኝ እንደሆኑ ነበሩ። በአንዱ መጽሐፍ ምስኪኗ ሴት ባቡር ሥር ስትወድቅ አላዳናትም፤ በሌላው መርከቡን አላዳነም። ይህን አንዱን ለምን?

ያችን ማታ እያስታወስኩ ነው። አሥራ ሁለተኛውን የጨረሰባትን። «ወፍጮው ዝም አለ» አለና አቆመ። ሰዎቹ ተነፈሱ። አንዱ መጽሐፉ አለቀ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አዎ ሊል ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እኔ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነበር። ሾርባውን ከጠዋቱ ጀምሮ አልነካሁትም፤ ሳህኑ በዓያድና በእኔ መካከል ነበር። ረጅም ጊዜ አልተናገረም። ሊያስል ነው ብዬ ነበር። አላሳለም። ያን ጊዜ ነው እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳረፈው።

«የለም፣ አንድ ይቀራል» አለ። «እሱ ለነገ። ነገ እንዳትቀር።»

እንደ ሌላው ምሽት ለሁሉም «እንዳትቀሩ» አላለም። ይህን አሁን ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ዳቦውን በላሁ። ምዕራፉን ለመስማት ጉልበት ያስፈልጋል ብዬ።

ሜይ 18

ምንም።

ሜይ 21፣ ማክሰኞ

ዊዳድን አስጠራኋት። ሌላ መምህር አማካሪ እንዲሆናት ማመልከቻ ይዛ ነው የመጣችው፤ ጥርሷን ነክሳ። ማመልከቻውን ሳላነብ አጠፍኩት። ረቂቁን ከፈትኩና ስድሳኛው ገጽ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ በነጭ ማጥፊያ ቀባሁት። ሳይደርቅ ፈረምኩ፤ እጄ ተበከለ።

ምን ልቀይር አለችኝ። ምንም አልኳት። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጠፍቷል፤ ፋርማሲስቱ ደግሞ ብዙ ያወራል፣ አሳጥሪው።

ቆማ ቀረች። ይቅርታ የምትጠብቅ መስሎኝ ለመቆጣት ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሰበችው።

«ኡስታዝ፣ አሥራ ሦስተኛውን ማን ጻፈው?»

«አልተጻፈም።»

«እሺ፣ ማን ተናገረው?»

ዓያድ አልኳት። የላራሽ ሰው። አስተማሪ። ከዚያ በላይ ልል ነበር፤ የማጥፊያውን ክዳን መግጠም ያዝኩ።

የአባቱን ስም ጠየቀችኝ። እየጻፈች መሆኗን ያየሁት በኋላ ነው።

ጁን 5፣ ረቡዕ

ዒድ። የሻማ ቤተሰብ በሙሉ እኛ ዘንድ። ልጆች ይጮኻሉ። ሻማ ሰማያዊውን መጽሐፍ ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ልትመልሰው ወንበር ላይ ስትወጣ አየኋት። ታች ይሁን አልኳት። ምንም አላለችም፤ አቧራውን ግን በቀሚሷ ጠረገችው።

ጁን 13፣ ሐሙስ

ዊዳድ ዛሬ ገምጋሚዎች ፊት ቀረበች። እናቷ ከኋላ ወንበር፣ የዒድ ጃለቢያዋን ለብሳ። ረድዋን በሊቀመንበርነት። ጥሩ ተናገረች። በልቦለዱ ውስጥ ስም ስለሌላት እናት ስታወራ፣ የራሷ እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ከዚያ ረድዋን መነጽሩን አወለቀ። ይህን ሲያደርግ ሊያስቅ ነው።

«ሲ ምፈደል በአገሩ ሁሉ የታወቀ አሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ አለው። የአንቺ ጽሑፍ አሥራ ሁለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ያንን ምዕራፍ ተፈትነው ያለፉትን ዲፕሎማቸውን እናስመልሳቸው ወይስ ምን ይሻላል?»

አዳራሹ ሳቀ። ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎቼ ጎላ አድርገው ሳቁ፤ መጽሐፉን ያላነበቡት ሁሉ። ልነሳ ነበር። ረድዋን ራሱ መቼ አንብቦት እንደሚያውቅ ልጠይቀው ነበር። ዊዳድ ቀደመችኝ።

«አሥራ ሁለቱን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ እመለስ ይሆናል» አለች። «አሥራ ሦስተኛውን አንድ ጊዜ፣ በቁጣ ሲነገር ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲህ የምመለስበት እሱ ነው። የጥናቴ ጥያቄ ደግሞ ሰው ወደየቱ ይመለሳል የሚል ነው። የግርጌ ማስታወሻ አርባ አንድን ይመልከቱ፣ ኡስታዝ።»

ረድዋን ገለጠ። እኔም ገለጥኩ፤ ያንን ገጽ አላሳየችኝም ነበር። የዓያድ ሙሉ ስም፣ ላራሽ፣ በቃል የተነገረ፣ ያልተጻፈ፣ ዓመቱ። ከእሱ ሥር የእኔ ስም፦ የሰማው።

ዓያድ በሕይወቱ በማተሚያ ቤት ስሙ አልታተመም። ረድዋን ሌላ ነገር ጠየቀ፤ አልሰማሁትም። በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች። እናቷ እልል ስትል ዘበኛው ሮጦ መጣ። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ልጄን በጣም አስለቀሷት» አለችኝ። አዎ አልኳት። የአሳ ሳጥን የምታክል ካርቶን ጣፋጭ እጄ ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ጁን 24፣ ሰኞ

ለወደቁት ድጋሚ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት የክለሳ ክፍለ ጊዜ አለ። በየዓመቱ አምስት ሰው ይመጣል፤ ሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዛሬ የመጡት ከአምስት ይበልጣሉ፤ የአዳራሹን ቀልድ ሰምተው ነው፣ ሊስቁ። የሽፋኑ ቀለም «ነጭ» ነው ያለው ልጅም አለ። ወድቋል፤ እኔ ነኝ የጣልኩት።

ማስታወሻዬን አላወጣሁም። ሰማያዊውን መጽሐፍ አወጣሁና የመጨረሻውን፣ አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አንዷ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ አለች። ሁሉም ይመጣል፣ ዝም በይ አልኳት። ወፍጮው ዝም ሲል መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ነጭ» ያለው ልጅ እጁን አወጣ። ስሙ ኑዕማን ነው፤ ዛሬ ነው የጠየቅሁት።

«ኡስታዝ፣ እንዲህ ነው የሚያልቀው?»

መጽሐፉማ አዎ አልኩት።

«ያኛውስ? በትከሻው የሚያዞረው? እኔ ፎቶ ኮፒው ላይ ያነበብኩት እሱን ነው። ውሸት ነው ማለት ነው?»

ክፍሉ ሳቀበት። እሱ አልሳቀም። ጠረጴዛውን በጥፍሩ እየቧጠጠ መልሱን ይጠብቃል፤ የሆነ ነገር የወሰድኩበት ይመስል። ከየት አባቱ እንደሚመጣ የማላውቀው ልጅ፣ ለምን እንደወደቀም ጠይቄው የማላውቀው።

ወረቀቶቼን ሰብስቤ ነበር። ቦርሳዬን ቆልፌ ነበር።

«አንድ ይቀራል» አልኩት። «እሱ ለነገ ነው። ነገ እንዳትቀር።»

ጁን 25፣ ማክሰኞ

ነፋሱ ቆሟል። ወንበር አልበቃም፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጡ አሉ። ዊዳድ ነገ ወደ ግራናዳ ለመሄድ በጀልባ ትሻገራለች፤ ቢሆንም ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ረድዋን በኮሪደሩ ሲያልፍ አንገቱን አስገብቶ አየና ሳይወጣ ቀረ። የአንዱ ስልክ ጮኸ፤ አስወጣሁት።

ኑዕማን ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፎቶ ኮፒውን አልያዘም።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ሐዱን ከመንገድ መለስኩት።